በኪስ የሚያዝ ካሜራ ሲመረጥ፤ ቁጥሩ ወይስ ሥዕሉ?

ገዢ ወደ ሱቅ ሲገባ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይዞት የሚወጣውን ዕቃ አስቀድሞ ይወስናል። ጥያቄው የተሳሳተ ከሆነ የሻጩ መልስ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን አይጠቅምም። በኪስ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራ ፈላጊ በናይሮቢ ገበያ ዘወትር የሚያቀርበው ጥያቄ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» የሚል ነው። አምራቾችም ይህን ስለሚያውቁ ቁጥሩን በካሜራው ግንባር ላይ በጉልህ ይጽፉታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ይህን የአመራረጥ ልማድ ለመተቸትና ትምህርት ቤቶች ሊከተሉት ይገባል የምንለውን መለኪያ ለማሳየት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ተቃውሞ መመለስ አለበት። «በእያንዳንዱ መምህር ኪስ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሳ ስልክ እያለ ስለ ካሜራ መነጋገር ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ተቃውሞው መሠረት የለውም አንልም። በ2010 በዓለም ላይ ለገበያ የቀረቡት ትናንሽ ካሜራዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ በ2023 ግን ከ2 ሚሊዮን በታች ወርደዋል። ገበያቸውን የወሰደው ስልክ መሆኑም ግልጽ ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ከገበያ የተለየ ነው። በኬንያ ብዙ የሁለተኛ ደረጃ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ስልክ ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ስለዚህ የጋዜጠኝነት ክበብ፣ በአገራችን አጠራር የሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ አባል የሆነ ተማሪ በገዛ እጁ ሊይዘው የሚችለው መሣሪያ የክበቡ ካሜራ ነው። ካሜራው የተገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪዎች ከኪሳቸው ባዋጡት ገንዘብ ነው። ምርጫው ከተበላሸ ሁለተኛ ዕድል አይገኝም፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጡት ተማሪዎችም የተበላሸውን ነው የሚወርሱት። ጉዳዩን ከተራ ግዢ በላይ አድርገን የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ቁጥሩ

በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ የነበረው ስቲቭን ሳሰን የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። አንዱን ሥዕል በካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ሥዕሉ የተሠራባቸው ነጥቦች፣ ማለትም ፒክስሎች፣ 10,000 ብቻ ነበሩ። ነጥቦቹ እንዲህ ጥቂት በነበሩበት ዘመን ቁጥራቸውን መጠየቅ ተገቢ ነበር። አንድ ሚሊዮን ፒክስል አንድ ሜጋፒክስል ስለሚባል፣ ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት ሜጋፒክስል የተደረገው እድገት በዓይን የሚታይ ለውጥ አምጥቷል። ስሕተቱ የጀመረው በቂው ከተገኘ በኋላም ያው ጥያቄ ሳይለወጥ በመቆየቱ ነው።

በቂው ስንት ነው? ይህን የሒሳብ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። ጥሩ ኅትመት በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 118 ያህል ነጥቦች ይፈልጋል። በአልበም የሚቀመጠው የተለመደው ፎቶግራፍ 10 በ15 ሴንቲሜትር ስለሆነ 1,180ን በ1,770 ስናባዛ 2.1 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይወጣል። የመጽሔት ሙሉ ገጽ የሚሆነው ኤ-4 ወረቀት፣ 21 በ29.7 ሴንቲሜትር፣ 8.7 ሚሊዮን ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ 10 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ለክበቡ የግድግዳ ጋዜጣም ሆነ ለዓመቱ መጽሔት ሽፋን ይበቃል ማለት ነው። ቁጥሩ ወደ 20 ቢያድግ የሥዕሉ ወርድ በእጥፍ አያድግም፤ የሚያድገው በ1.4 እጥፍ ብቻ ነው፤ የ2 ካሬ ሥር 1.4 ነውና።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ዋናው ነገር ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው። በብዙዎቹ ርካሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሰሌዳ ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ከሕፃን የጣት ጥፍር አይበልጥም። በዚህ ሰሌዳ ላይ 20 ሚሊዮን ነጥብ መደርደር እያንዳንዱን ነጥብ እጅግ ማሳነስ ነው። ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ስኒና ገበቴ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ሰፊው አፍ ብዙ ውሃ ይቀበላል። የብርሃንም ነገር እንዲሁ ነው። ጠባቡ ነጥብ ጥቂት ብርሃን ስለሚቀበል፣ ካሜራው የጎደለውን በኤሌክትሪክ ኃይል አጉልቶ ለመሙላት ይገደዳል። በምሽት የተነሱ ሥዕሎች ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቁጥሩን ከንቱነት አምራቾቹ ራሳቸው አንድ ጊዜ መስክረዋል። ካኖን በ2008 ያወጣው ጂ-10 የተባለው ካሜራ 14.7 ሜጋፒክስል ነበረው። በ2009 የተከተለው ጂ-11 ግን በተመሳሳይ መጠን ሰሌዳ ላይ ወደ 10 ወረደ። በደካማ ብርሃን የተሻለ ሥዕል ለማግኘት ሲባል ቁጥሩ ሆን ተብሎ ተቀነሰ። በ2012 ደግሞ ሶኒ አር-ኤክስ-100 የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ 116 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሰሌዳ፣ ከተለመደው በአራት እጥፍ የሚበልጥ፣ 240 ግራም በሚመዝን አካል ውስጥ አስገባ። ውፍረቱ 3.6 ሴንቲሜትር ስለሆነ ከኮት ኪስ ይገባል። ሰፊ ሰሌዳና ትንሽ አካል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ለሻጩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «የሰሌዳው ስፋት ስንት ነው?» መሆን አለበት እንላለን።

ስለ ብርሃንና ስለ ፊት

ሁለተኛው ነቀፌታችን ካሜራ ሲመረጥ የሚነሳው ሰውና የሚነሳበት ቦታ መረሳታቸው ነው። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በመጋቢትና በመስከረም ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ትውላለች። በዚያ ሰዓት የቆመ ሰው ግንባሩ ያበራል፤ ዓይኖቹ ግን በጥላ ይዋጣሉ።

በዚህ ላይ የካሜራው የብርሃን መለኪያ ባሕርይ ይጨመራል። መለኪያው ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጥቁር ተማሪ ነጭ ግድግዳ ተደግፎ ሲነሳ ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ሸሚዙ አምሮ ይወጣል፤ ፊቱ ግን ይጨልማል። በፊልም ዘመንም የኮዳክ ማተሚያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ናሙና ካርድ ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ምስል እንደነበረ ይታወቃል። የጥቁር ሰው ፊት በካሜራ ፊት የተበደለው ዛሬ አይደለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት የብርሃን ማስተካከያ ቁልፍ ያለው ካሜራ መምረጥ ይገባል። ተማሪው ቁልፉን አንድ እርምጃ ወደ መደመር ሲያዞር የጓደኛው ፊት ይመለሳል። በቀትር ጥላ ደግሞ በተማሪው ፈቃድ የሚበራ ፍላሽ ዓይንን ከጨለማ ያወጣል። ሁሉን ነገር ራሱ የሚወስንና እጅ የማያስገባ ካሜራ ለመዝናኛ ይሆን ይሆናል፤ ለትምህርት ግን አይሆንም። የክፍል ፎቶግራፍ ላይ የራሱን ፊት አጥቶ ጥርሱንና ሸሚዙን ብቻ ያገኘ ልጅ በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ መልክ እንዲያፍር ልናደርገው አይገባም።

ዙም የሚባለውም ነገር ብዙ ገዢዎችን ያታልላል። በሌንስ እንቅስቃሴ የሚያቀርበው እውነተኛ ዙም ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለው ግን የሥዕሉን መካከል ቆርጦ ከማስፋት ሌላ ሥራ የለውም። ባለ 16 ሜጋፒክስል ካሜራ በዲጂታል ዙም 4 ጊዜ ሲያቀርብ የሚቀረው አንድ አሥራ ስድስተኛው፣ ማለትም 1 ሜጋፒክስል ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ወደፊት መራመድ ከዚህ ይሻላል።

ስለ አሮጌው ዕቃ

ለትምህርት ቤት አቅም የሚስማማው ብዙ ጊዜ ያገለገለ ካሜራ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወጣቶች የድሮዎቹን ትናንሽ ካሜራዎች እንደገና ስለወደዷቸው ዋጋቸው ከፍ ብሏል። በናይሮቢ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በብዛት በሚገኙበት በሉቱሊ ጎዳናም ሆነ በሌላ ስፍራ የሚገዛ መምህር ከመክፈሉ በፊት የሚከተሉትን ቢፈትሽ አይጎዳም። ካሜራው ሲበራና ሲጠፋ ሌንሱ ሳይንገጫገጭ መውጣትና መግባቱን ይይ። ነጭ ግድግዳ አንስቶ በሥዕሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለመኖሩን ይመርምር፤ ነጠብጣቡ በሰሌዳው ላይ የገባ አቧራ ነው፤ በቀላሉም አይጠረግም። ባትሪው ያበጠ አለመሆኑን በእጁ ዳስሶ ያረጋግጥ። ቻርጀሩ አብሮ ይኑር። የሚሞሪ ካርዱ ዓይነት በገበያ የሚገኝ ይሁን፤ ኦሊምፐስና ፉጂፊልም በ2002 ያወጡት ኤክስ-ዲ የሚባለው ካርድ ዛሬ በቀላሉ አይገኝምና። በመጨረሻም ደረሰኝ ሳይቀበል ከሱቁ አይውጣ።

ከሻጩ የተሻለ አማካሪም አለ። በኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል ግቢና በኡሁሩ ፓርክ ጎብኚዎችን እያነሱ፣ ሥዕሉንም አትመው እየሸጡ ለዓመታት የኖሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች አሉ። ለእነሱ የጨለመ ፊት ማለት ያልተከፈለ ገንዘብ ማለት ነው። ደንበኛን በየትኛው ሰዓት፣ ፀሐይን በየት በኩል አድርገው እንደሚያቆሙት መመልከት ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ነው።

ስለ ተጠቃሚው ኃላፊነት

የናይሮቢው ተወላጅ መሐመድ አሚን የፎቶግራፍ ሥራውን የጀመረው ገና ልጅ ሳለ ባገኛት አሮጌ ቦክስ ብራውኒ ነበር። ብራውኒ ኮዳክ በ1900 በአንድ ዶላር ለገበያ ያወጣት የሣጥን ካሜራ ዝርያ ናት። በኋላ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በጥቅምት 1984 ከኮረም ያነሳውም የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አነቃነቀ። በኅዳር 1996 ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ኮረምን ያነሳው በሣጥን ካሜራ አልነበረም። መሣሪያው ከሥራው ጋር አደገ እንጂ ከሥራው አልቀደመም። ተማሪዎቻችን ከእርሱ ሊማሩ የሚገባቸው ይህንን ነው።

ካሜራ ሥልጣንም ነው። ኬንያ በ2019 ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የሰው ምስልም መረጃ መሆኑን ያስገነዝባል። በመስከረም 2023 አንድ የናይሮቢ አካባቢ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ በማሰራጨቱ 4,550,000 ሽልንግ ተቀጥቷል። ከዚህ አንጻር የክበቡ ካሜራ ከመምህሩ ስልክ የሚሻልበት ሌላ ምክንያት ይታያል። በካሜራው ካርድ ላይ ያለ የልጆች ሥዕል በትምህርት ቤቱ ሣጥን ይቆለፋል፤ በግል ስልክ ላይ ያለው ግን ከባለስልኩ ጋር ወደ ቤት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚያልፍ ማንም አይቆጣጠረውም።

እንግዲህ ሐሳባችንን ለማጠቃለል፣ ካሜራ መራጩ በቅድሚያ የሚነሳውን ሰው ያስብ፤ ቀጥሎ ብርሃኑን፣ ከዚያ የሰሌዳውን ስፋትና የማስተካከያ ቁልፉን ይይ፤ ሜጋፒክስሉን በመጨረሻ ይጠይቅ። ክበቡም ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ፈላጊዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው የመለኪያውን ዝርዝር ጽፈው፣ ተከራክረውበት፣ ለጉባኤ ያቅርቡ። ያዋጡት ገንዘብ የራሳቸው ነውና ጥያቄውም የራሳቸው ሊሆን ይገባል።