ሦስተኛው አንቀጽ

ሶዶ ተቀምጠን የሞባይል መተግበሪያ ስንሠራ ከባዶ አንነሳም። የፕሮግራም ቋንቋው ኮትሊንም ሆነ የአንድሮይድ ላይብረሪዎቹ ስብስብ አንድሮይድኤክስ የሚመጡልን በአፓቺ 2.0 ላይሰንስ ነው። የጤና ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ2 ደግሞ በቢኤስዲ ነው፤ ስለ ፓተንት አንድም ቃል አይናገርም። ሁለቱ ያለ ጠብ አብረው ይሠራሉ። ጣጣው የሚመጣው ጂፒኤል 2 በተባለው ላይሰንስ የወጣ አንድ ላይብረሪ ሲጨመር ነው።

በአፓቺ ሦስተኛ አንቀጽ መሠረት ኮድ ያዋጣ ሁሉ ያ ኮድ የሚነካውን የራሱን ፓተንት እንድንጠቀምበት ይፈቅዳል። «ይህ ሥራ ፓተንቴን ይጥሳል» ብሎ ክስ የመሠረተ ግን ክሱን ካቀረበበት ቀን ጀምሮ የፓተንት ፈቃዱን ያጣል። ኮዱን በነፃ እየተጠቀመ ሌላውን የሚከስ ሰው ስለሚያስታግስ ይህን አንቀጽ እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጂፒኤል 2 ግን በተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ መጫንን ይከለክላል። ጂፒኤልን የሚያወጣው ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን የአፓቺን የፓተንት ማቋረጫ እንደዚህ ያለ ገደብ አድርጎ ስለሚቆጥረው፣ ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም አዋህዶ ማሰራጨት አይቻልም ይላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ጂፒኤል 3 አስታረቃቸው፤ እርቁ ግን ባንድ በኩል ነው። የአፓቺ ኮድ ወደ ጂፒኤል 3 ሥራ ይገባል፣ ሥራው በሙሉም በጂፒኤል 3 ይሰራጫል።

ስለዚህ የላይሰንሱን ፋይል ብቻ አይቼ አላልፍም፤ የእያንዳንዱን የኮድ ፋይል አናት አነባለሁ። «እትም 2፣ ወይም እንደ ምርጫህ ማንኛውም ቀጣይ እትም» የሚል ካገኘሁ ጂፒኤል 3ን መርጬ እቀጥላለሁ። «እትም 2 ብቻ» ካለ ሌላ ላይብረሪ እፈልጋለሁ።

ወጣት ባልደረቦቼ በተደጋጋሚ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት እንዳይሰጠው ከከለከለ ምን አስጨነቀን? ክልከላው እውነት ነው። ነገር ግን ፕሮግራምን በቅጂ መብት የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ላይሰንስ መጣስ እዚሁ አገር ያስጠይቃል። ፓተንት ደግሞ የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ነው። በጤፍ ዱቄት ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ ጸንቶ የነበረው ፓተንት የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሽረው ድረስ ጫናው እዚያው ገበያ ላይ ነበር። ሶዶ የተጻፈ መተግበሪያም በፕሌይ ስቶር አሜሪካ ይገባል፤ እዚያ የሶፍትዌር ፓተንት ይሰጣል።

እኔ ሥራ ሳስረክብ የእያንዳንዱን ላይብረሪ ስም፣ እትምና ላይሰንስ በአንድ ሠንጠረዥ አያይዛለሁ። ጂፒኤል 3 ከገባበት ደግሞ መተግበሪያው የሚደርሰው ሰው ሁሉ ምንጭ ኮዱን የማግኘት መብት እንዳለው ውል ከመፈረማችን በፊት ለደንበኛው በግልጽ እነግረዋለሁ።