ትንሽ ጥያቄ፣ ረጅም ሥራ

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዴት ምርምር ይሠራል? ሬዚደንቶች ብዙ ጊዜ ይጠይቁኛል። ጊዜ የለም፣ ሕመምተኛ ይደራረባል፣ ካርድ ላይ የሰፈረው ጽሑፍ ግማሹ አይነበብም። ቅሬታቸው እውነት ነው። እኔ ግን መልስ ስሰጥ የካናዳዊውን የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም የዶክተር ኢያን ስቲልን ሥራ አነሣለሁ። የምርምር ስማቸውን የተከሉት ከዚሁ ግርግር በወጡ ተራ ጥያቄዎች ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቁርጭምጭሚት ነበር። በዚያን ጊዜ እግሩ ወለም ብሎት የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ራጅ ይነሣል፤ ሕክምና የሚያሻው ስብራት የሚገኘው ግን ከመቶ ከ15 በማይበልጡት ላይ ነው። ብዙው ራጅ አላስፈላጊ እንደሆነ ሐኪሙ ሁሉ ይጠረጥራል፤ የትኛው እንደሆነ ግን በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም። ስቲልና ባልደረቦቻቸው ኦታዋ ከተማ ውስጥ በ750 ሕመምተኞች ላይ 32 ምልክቶችን መዘገቡ። በመጨረሻ የቀሩት ጥቂት ናቸው። በውስጥም ሆነ በውጭ በኩል ያለው የቁርጭምጭሚት አጥንት፣ የኋላ ጠርዙ ወይም ጫፉ ሲጫኑት ካመመ ራጅ ይነሣል። ጉዳቱ እንደደረሰም፣ ሲመረመርም አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው እንዲሁ። ለመሃል እግርም ተመሳሳይ መመዘኛ ወጣ።

ለእኔ የሙያው ምሥጢር ያለው አራቱ እርምጃ ላይ ነው። እርምጃ ይቆጠራል። ሰውየው ቢያነክስም እንኳ አራቱን ከተራመደ ተራመደ ነው። «ትንሽ ያነክሳል» የሚለው ግን እንደ ሐኪሙ ዓይን ይለያያል። ስለዚህ ከሕመምተኞቹ የተወሰኑትን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ መርምረው ግኝታቸው ተነጻጸረ። ሁለት ሐኪም የማይስማማበት ምልክት፣ መጽሐፍ ምንም ያህል ቢያሞግሰው፣ ሌሊት ለተረኛ ሐኪም አይሆንም።

ብዙ ተመራማሪ ጽሑፉ ከታተመለት ወደ ሌላ ርእስ ይሻገራል። የስቲል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1992 ታተመ፤ በ1993 በአዳዲስ ሕመምተኞች ላይ ተፈትኖ ተስተካከለ፤ በ1994 ደግሞ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚያመጣ ታየ። ደንቡን በተጠቀመው ሆስፒታል የቁርጭምጭሚት ራጅ በ28 በመቶ ሲቀንስ፣ ለንጽጽር በተያዘው ሆስፒታል በ2 በመቶ ጨመረ። በዚሁ መንገድ የጉልበት ደንብ ተከተለ። በ2001 ደግሞ በ3,121 ሕመምተኞች የራስ ጉዳት፣ በ8,924 ሕመምተኞች የአንገት አከርካሪ ደንብ ወጣ።

ከሁሉም በላይ የማከብረው ግን ውጤቱ ደስ የማያሰኘውን ጥናታቸውን ነው። በኦንታርዮ ክፍለ ግዛት 17 ከተሞች፣ ልባቸው ከሆስፒታል ውጭ ለቆመ ሰዎች የኤሌክትሪክ ንዝረት በፍጥነት የሚደርስበት ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። በዚያ ላይ የመተንፈሻ ቱቦ የሚያስገቡና በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጡ ፓራሜዲኮች ተጨመሩ። ሆስፒታል የሚተኙት ከ10.9 ወደ 14.6 በመቶ ከፍ አሉ። በሕይወት ወደ ቤታቸው የተመለሱት ግን ከ5.0 ወደ 5.1 በመቶ ብቻ ከፍ አሉ። ያን ያህል ሥልጠና ከፈሰሰበት በኋላ ይህን ቁጥር በ2004 እንደወጣ ማሳተም የምርምር ሐቀኝነት ነው።

ታዲያ እኛ የእነሱን ደንብ ገልብጠን ግድግዳ ላይ ብንለጥፍ ይበቃል? አይበቃም። የቁርጭምጭሚቱ ጥናት ከ18 ዓመት በታች የሆኑትንና ከተጎዱ ከ10 ቀን በላይ የቆዩትን አላካተተም። ከእኛ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄዱት ወጌሻ ጋ ነው፤ ታሽተውና ታስረው ከሰነበቱ በኋላ ወደ እኛ ይመጣሉ። የታሸ ቁርጭምጭሚት ሲጫኑት ቢያም፣ ሕመሙ ከስብራቱ ነው ወይስ ከእሽቱ? ለራጁ ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ኦታዋ ውስጥ የለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 በድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል፤ ስለዚህ ጠያቂ ባለሙያ የለንም ማለት አንችልም።

የመመረቂያ ጥናት ርእስ የምትፈልጉ ሬዚደንቶች ሆይ፣ በየተረኝነታችሁ የምትደጋግሙትን፣ ማስረጃው ግን በእጃችሁ የሌለውን አንድ ነገር ምረጡ። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የራጁ ውጤት ሳይታወቅ ይሞላ፤ ከሕመምተኞቹ ጥቂቱን ሌላ ሐኪም ለብቻው ይመርምር። ከታተመ በኋላም አትተዉት። በራሳችሁ ክፍል ሥራ ላይ ውሎ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ሳትለኩ ጥናቱ አለቀ አትበሉ።