አርባ አራቱ ሲካፈሉ

ሐዋሳ መሃል ከተማ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ጀበና ቡና ሲቀዳ መዓዛውን የማያደንቅ የለም። እኔ ግን ዛሬ ማድነቅ የፈለግሁት ከመዓዛው እጅግ ቀደም ብሎ፣ አበባው ገና እምቡጥ ሳለ በውስጡ የሚሠራውን ሥራ ነው።

አረቢካ ቡና በቅጠሉም በሥሩም ሕዋሳት ውስጥ 44 ክሮሞዞሞች አሉት። በአበባው ብናኝና በእንቁላሉ ውስጥ ግን 22 ብቻ። ግማሽ ሆነው ባይመጡ ልጁ 88፣ የልጅ ልጁ 176 እያለ በቀጠለ ነበር። ሰው በአካሉ 46፣ በመራቢያ ሕዋሱ 23 ነው፤ የሲዳማ እንሰት 18 እና 9። የሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ ደግሞ ልክ እንደ ቡናው 44 እና 22።

ታዲያ ሥራው እንዲሁ ለሁለት መግመስ አይደለም። ሕዋሱ በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ክሮሞዞም ቅጂ ያዘጋጃል። ቀጥሎ ከእናትና ከአባት ወገን የመጡት አቻዎች ተፈላልገው ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ ትክክል በተመሳሳይ ቦታ ተቆርጠውም ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ሁለት ነጠላ ቆርጦ፣ ጥለቱ ቅንጣት ሳይዛነፍ የአንዱን ጫፍ ከሌላው የሚገጥም ባለሙያ ብቻ እንዲህ ይሠራል። ከዚያ ጥንዶቹ ይለያያሉ፤ በሁለተኛው ክፍፍል ቅጂዎቹም ይለያያሉ። ከአንድ ሕዋስ አራት ብናኝ ይገኛል።

የአረቢካው ከሁሉም ይረቅብኛል። አረቢካ የተገኘው ከሁለት የቡና ዝርያዎች ነው፤ ሮቡስታ ከምንለው ከካኔፎራና ከዩጀንዮይድስ። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም አላቸው፤ አረቢካ የሁለቱንም ሙሉ ስብስብ ይዟል። ስለዚህ በእምቡጡ ውስጥ አንድ ክሮሞዞም አቻውን ሲፈልግ፣ በጣም የሚመስለው የሌላው ወገን ዘመድም እዚያው አለ። ሆኖም የካኔፎራው ከካኔፎራው፣ የዩጀንዮይድሱ ከዩጀንዮይድሱ ይጣመራል። 22 ጥንድ፣ ሳይደበላለቅ!

አቻ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ አረቢካና ካኔፎራ ሲዳቀሉ ይታያል። ከአንዱ 22፣ ከሌላው 11፣ በድምሩ 33 ክሮሞዞም ያለው ተክል ይበቅላል። 11ዱ አቻ የላቸውምና ክፍፍሉ ይዛባል፤ ተክሉ ያብባል እንጂ ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል።

በሐዋሳና በአካባቢዋ ባዮሎጂ የምታስተምሩ መምህራን፣ ይህን ክፍፍል፣ ማለትም ሚዮሲስን፣ ስታስተምሩ ከሰው 46 እና 23 ጎን የቡናውን 44 እና 22 ሰሌዳው ላይ ጻፉላቸው።