የቀለም ትምህርት፣ ያለ ቀለም

በአማርኛ የተማረን ሰው «ቀለም የዘለቀው» እንለዋለን። ሊቁን «የቀለም ቀንድ» እንለዋለን፤ ደብተር ላይ ተደፍቶ የሚውለውን ተማሪ «ቀለሜ»። ከእጅ ሙያ ለመለየት ደግሞ መደበኛው ትምህርት ስሙ ራሱ «የቀለም ትምህርት» ነው። የሚወራው ስለ ብዕርና ስለ ብራና ቀለም እንደሆነ ይገባኛል። ግን በቀለም የሚምል ቋንቋ እየተናገርን፣ ከአንደኛ ክፍል እስከ ኢንጂነሪንግ ዲግሪ ድረስ ስለ ቀለም አንድም ክፍለ ጊዜ ሳይማሩ መጨረስ ይቻላል። እኔ እንደዚያ ነው የጨረስኩት። ስለ ብርሃን ሞገድ ተምሬያለሁ፣ ተፈትኛለሁም። ሁለት ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ምን እንደሚያደርገው ግን ማንም አላሳየኝም።

ዛሬ የምጽፈው ይህን ክፍተት ቁልጭ አድርጎ ስላሳየኝ መጽሐፍ ነው። ጆሴፍ አልበርስ በ1963 «ኢንተራክሽን ኦፍ ከለር» ብሎ ያሳተመው፣ እኛ «የቀለማት መስተጋብር» ልንለው የምንችለው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዲዛይነሮች ሲጠቅሱት የቀለም መምረጫ መመሪያ ያስመስሉታል። የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ ብሎ የሚገዛው ሰው ግን ያዝናል። መጽሐፉ የአንድ ክፍል ውሎ ነው፤ የሥዕል ትምህርት የጀመሩ ተማሪዎች ምን እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚሰናከሉ፣ ከዚያ ምን እንደሚያዩ ይመዘግባል።

ክርክሬን አስቀድሜ ልናገር። የሥዕል ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ትልቁ ሥራው ዓይናችን እርግጠኛ የሆነበትን ነገር እንድንጠራጠር ማድረግ ነው። ይህ ደግሞ ለሠዓሊ ብቻ መቅረት የሌለበት ትምህርት ነው። አልበርስ እዚህ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ትልቅ ነገር ከክፍሉ በር ውጭ ትቶ ይገባል፤ እሱን እኛ ራሳችን ማስገባት አለብን።

አልበርስ ራሱ ተማሪ የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1888 ጀርመን ውስጥ የተወለደ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ባውሃውስ የሚባለው የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1919 ቫይማር ከተማ ተከፈተ፤ እሱ በዓመቱ በ32 ዓመቱ ገባ። እዚያ ማንም ሰው ወደ ሽመናው፣ ወደ እንጨቱ ወይም ወደ ብረቱ ክፍል ከማለፉ በፊት የመሰናዶ ትምህርት መውሰድ ነበረበት። ኮርሱን የጀመረው ዮሐንስ ኢተን ነው፤ እሱ በ1923 ሲለቅ ሞሆሊ-ናጅ እና አልበርስ ተረከቡት።

ከዚያ ክፍል አንድ ታሪክ ይነገራል፤ የነገረን እዚያ የተማረ ሰው ነው። አልበርስ ቁልል ጋዜጣ ይዞ ይገባና ያድላል። በዚህ አንድ ነገር ሥሩ፣ ወረቀቱን አክብሩት፣ ከተቻለ ያለ መቀስና ያለ ሙጫ ይሁን ብሎ ይወጣል። ሲመለስ ግንብ፣ አውሮፕላን፣ ጭንብልና እንስሳ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። እነዚህ ሁሉ ከሌላ ነገር ቢሠሩ ይሻሉ ነበር ይላል። ከዚያ አንዱን ያነሳል፦ ጋዜጣውን በቁመቱ አጥፎ ብቻ ያቆመውን። ወረቀት ሲተኛ ልፍስፍስ ነው፤ ሲታጠፍ ግን ይቆማል፣ ሁለቱም ፊቱ ይታያል። የወረቀትን ጠባይ የተጠቀመው ያ ልጅ ነበር።

ኮድ ለምንጽፍ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስንጀምር የድሮውን ልማዳችንን ይዘን እንገባለን፤ ፓይተንን እንደ ጃቫ እንጽፈዋለን። ይሠራል፤ ግን ከጋዜጣ ግንብ መሥራት ነው።

ባውሃውስ በናዚዎች ጫና በ1933 ተዘጋ። አልበርስ በዚያው ዓመት ከባለቤቱ ከሸማኔዋ አኒ አልበርስ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ብላክ ማውንቴን በተባለ ትንሽ ኮሌጅ እስከ 1949 አስተማረ። ከ1950 ጀምሮ ደግሞ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገባ። መጽሐፉ የእነዚህ ሁሉ ዓመታት የክፍል ሥራ ክምችት ነው።

ወደ ልምምዶቹ እንግባ። መሠረታዊው አንድን ቀለም ሁለት ማስመሰል ነው። እስቲ ስክሪን ላይ ሞክሩት። ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ሥሩ፤ አንዱ ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ሌላው ነጭ ሊሆን ትንሽ የቀረው። በሁለቱም መሀል ትንሽ ግራጫ ሳጥን አስገቡ፦ ቀይ 128፣ አረንጓዴ 128፣ ሰማያዊ 128። ጥቁሩ ውስጥ ያለው ፈካ ብሎ፣ ነጩ ውስጥ ያለው ጠቆር ብሎ ይታያል። ቁጥሩን እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት፤ አንድ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማወቃችሁ ግን ዓይናችሁን አያስተካክለውም።

እዚህ ጋ የኢንጂነር አመል ይነሳል፦ «እና ቁጥሩ ነው እውነቱ፣ ዓይን ነው የሚዋሸው።» ቁጥሩ ራሱ ግን ለዓይን ተብሎ የተበጀ ነው። 128 ከ255 ግማሽ ያህል ነው፤ በተለመደው የስክሪን ስሌት የሚወጣው ብርሃን ግን ከሙሉው 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዓይናችን የብርሃንን ጭማሪ በእኩል ደረጃ ስለማያይ፣ ግማሽ «የሚመስለው» ሩብ እንኳ የማይሞላው ነው። አልበርስ ይህንኑ በወረቀትና በቀለም ድርብ ያስተምራል፦ ለዓይን እኩል እኩል የሚጨምር ደረጃ ከፈለጋችሁ ድርቡን 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ሳይሆን 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያላችሁ ጨምሩ። የእኛ ሙያ ይህን ቀመር በስክሪኑ አሠራር ውስጥ ቀብሮታል። በየቀኑ እንጠቀምበታለን፣ አናየውም።

«ይሄማ የኢንተርኔት የዓይን ማታለያ ነው» የሚል ይኖራል። በ2015 ዓለምን ያጣላው ቀሚስ ትዝ ይላችኋል፤ ሰማያዊና ጥቁር ነው፣ ነጭና ወርቃማ ነው የተባባልንበት። ተገረምን፣ ሼር አደረግን፣ ረሳነው። የአልበርስ ክፍል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማታለያውን አያሳያችሁም፤ እናንተው እንድትሠሩት ያደርጋል። ከቁርጥራጭ ወረቀት ክምር ውስጥ አንዱን ቀለም በእርግጥ ሁለት የሚያስመስሉትን ጀርባዎች ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ። አንዱ አይሆንም፣ ሌላው ይጠጋል፣ ሌላው ያበላሻል። መቶ ጊዜ ከሞከራችሁ በኋላ የምታውቁት ነገር በሼር የሚመጣ አይደለም።

ከልምምዱ ቀጥሎ ደግሞ የሁሉም ሥራ አንድ ላይ ይዘረጋል። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚህ ጋ ነው። የእኔን የፍሬሽማን ዓመት ላነጻጽር። ኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ የሚባል ኮርስ ነበረን፦ ቲ-ስኴር፣ ሹል እርሳስ፣ ትልቅ ነጭ ወረቀት፣ የአንድ ብረት ቁራጭ የፊት፣ የላይና የጎን እይታ። ጥሩ ኮርስ ነው፤ አንድን ነገር በጭንቅላት ማዞር ያስተምራል። ነገር ግን መልሱ አንድ ነው። ወረቀታችን በግሬድ ይመለሳል፤ የጓደኛችንን ሥራ የምናየው ለመኮረጅ ነው። የሥዕል ጀማሪዎች ክፍል ውስጥ ተቃራኒው ይሆናል። ሃያ ሰው ለአንድ ጥያቄ ሃያ መልስ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ወለል ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ይደረደራል፤ የትኛው እንደሠራ ክፍሉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል። ያልተሳካው ጥቅም አለው፤ የተሳካው ለምን እንደተሳካ የሚገልጠው እሱ ነውና።

በሶፍትዌር ሥራ ኮድ ሪቪው አለን፤ ይመሳሰላል። ልዩነቱ እኛ የምንደርስበት ሥራ ከጀመርን በኋላ፣ በደመወዝ ላይ ሆነን፣ በፍርሃት ነው። ሠዓሊዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ይጀምሩታል፤ ሥራውና ሠሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ገና በጠዋቱ ይለምዱታል።

ሌላው መጽሐፉ የሚያናጋው «ስጦታ» የሚለውን ቃል ነው። እኛ ዘንድ ሥዕል የተሰጠው ሰው ጉዳይ ነው፦ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ፈረስ ይስል ነበር፣ በቃ። ያልተሰጠው ይርቃል፤ የተሰጠውም ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ወደ ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ይመደባል። አልበርስ ክፍል ውስጥ ፈረስ መሳል መቻል ምንም አይጠቅምም። መሣሪያው ቁርጥራጭ ባለቀለም ወረቀትና የወደቀ ቅጠል ነው። ቀለም መበጥበጥ እንኳ አይፈልግም፤ እጅ የቀደመው ዓይን የዘገየውን እንዳይሸፍን።

ሩት አሳዋን ውሰዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓናዊ ዝርያ ስላላት ከቤተሰቧ ጋር በካምፕ የታጎረች አሜሪካዊት ናት። መምህር ለመሆን ስትማር በዚያው ዝርያዋ ምክንያት የልምምድ ትምህርት ቤት ተከለከለች። በ1946 ብላክ ማውንቴን ገብታ ከአልበርስ ተማረች። በኋላ የታወቀችው ከተራ ሽቦ ቋጠሮ በቋጠሮ በሠራቻቸው፣ ከጣሪያ በሚንጠለጠሉና ብርሃን በሚያሳልፉ ቅርጾች ነው። ሽቦውን የመጠላለፍ ዘዴ ያየችው ሜክሲኮ ውስጥ ቅርጫት ሠሪዎች ዘንድ ነው። ጋዜጣውን ያቆመው እጥፋት እዚህም አለ፦ ርካሽ ነገር፣ ጠባዩ የተከበረለት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። በመጽሐፉ ውስጥ ቀለም አገር የለውም። ቀይ ማለት ከጎኑ አረንጓዴ ሲቀመጥ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው፣ አለቀ። እርግጥ አንድ ቦታ ላይ የኮካ ኮላን ቀይ አስታውሱ ሲባሉ እንኳ ሰዎች የተለያየ ቀይ እንደሚያስቡ ይናገራል፤ እሱም የማስታወስ ችሎታችንን ደካማነት ለማሳየት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ነጭ የሆነው ግን ከጀርባው ጋር እንዲፋጭ ተብሎ አይደለም። ለቅሶ ቤት ጥቁር የምንለብሰው ግራጫው እንዲፈካ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የራሳችን የቆዳ ቀለም ቃላት ናቸው፦ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር። በአንድ ቤት «ጥቁሯ» የተባለች ልጅ ጎረቤት ቤት ብትወለድ «ጠይሟ» ትባል ነበር፤ ቀለሟ ሳይለወጥ፣ ጀርባው ተለውጦ። ይህ ቁልጭ ያለ የአልበርስ ልምምድ ነው። ልዩነቱ ግራጫ ሳጥን «ቀላ ብትል ኖሮ» ተብሎ አይታማም፣ ለጋብቻም አይመዘንም። ቀለም አንጻራዊ መሆኑን ማሳየት ግማሽ ሥራ ነው። አንጻሩን ማን እንደሚያስቀምጥ መጠየቅ ሌላው ግማሽ ነው፤ አልበርስ ይህን አይጠይቅም።

እንዲህ የጠየቀ ክፍል በእኛ አገር ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ ተምሮ መጥቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረተ። ገብረክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ኮሎኝ የተማረውን ይዞ ገባ። እስክንድር ቦጎሲያን በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሲያስተምር የቤተ ክርስቲያን ሥዕልና የብራና ክታብ ለዘመናዊ ሠዓሊም መነሻ እንደሚሆኑ አሳየ። በዚያ ትምህርት ቤት የተማረው ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥሮችን ጎን ለጎን ደርድሮ ይስላል፤ ስንጥሩም መልክ አለው፣ ታሪክም አለው። አልበርስ ቁሱን አክብሩ ይላል፤ እነዚህ ቁሱ ከየት እንደመጣም አብረው ያስቡ ነበር።

የሰውየው ጠባይም መነሳት አለበት። ኃይለኛ መምህር ነበር። በ1948 ብላክ ማውንቴን የገባው ሮበርት ራውሸንበርግ በክፍሉ ውስጥ መከራውን እንዳየ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ከመምህሮቹ ሁሉ ትልቁ እሱ እንደነበረም እንዲሁ። ሁለተኛውን ብቻ ጠቅሰን «ጥሩ መምህር ቁጡ ነው» ብለን የምንወጣ ከሆነ አላነበብነውም። ክፍሉ የሠራው በተዘረጋው ሥራ ነው፤ ቁጣውን እንተወው፣ ለእሱስ መጽሐፍ ከውጭ ማስመጣት አያስፈልገንም።

ለማንበብ ለምትፈልጉ፦ የ1963ቱ እትም ከ150 በላይ የቀለም ሥራዎች ያሉት ውድ ሣጥን ነው። ርካሹ እትም ጽሑፉን ከጥቂት ምስሎች ጋር ይሰጣል። በ2013 የአይፓድ መተግበሪያም ወጥቶለት ነበር። እኔ የምመክረው ግን ጽሑፉን በጥቂት በጥቂቱ እያነበባችሁ ልብስ ሰፊ ቤት ሄዳችሁ የተጣለ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንድትለምኑ ነው። ሦስት አራት ሆናችሁ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አንዷን ቁራጭ ሁለት ለማስመሰል ሞክሩ፤ ሁላችሁም ስትጨርሱ ጎን ለጎን ዘርጉት። የማን እንደሠራ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልጋችሁም፤ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ዝም ትላላችሁ።