ጢሱ ለማሰሮው

የጢስ መዓዛ ያለው ቀዝቃዛ የዓሣ ሰላጣ ቤት ውስጥ ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ዓሣውን በምን እንደሚያጨሰው ነው። ላሊበላ ላይ ይህ ጭንቀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የላስታ ባልትና ምግቡን ሳይሆን ዕቃውን ማጠን ያውቃል፤ የጠላው ጋንና ወተት የሚናጥበት ቅል በወይራ ጢስ ይታጠናሉ፣ ጠላውም ወተቱም ጢሱን ራሱን ሳያገኙ መዓዛውን ከዕቃው ይቀበላሉ። ለዓሣ ሰላጣም ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ዓሣው ራሱ ላይ ነው። ቆረሶ የሚባለው ዓሣ ስቡ በጣም ጥቂት ነው፤ ለጢስ ጠረኑን ከሚሰጡት ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ከውኃ ይልቅ በቅባት ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ። ቆረሶን ከእሳት በላይ ሰቅሎ ማቆየት እንግዲህ ሥጋውን ያደርቀዋል እንጂ መዓዛውን ያን ያህል አያሳድርበትም። ቅባቱን እኛ ልናመጣለት ይገባል። ገል ላይ ፍም ተደርጎ ጥቂት የደረቀ የወይራ ስንጣሪ ይጣልበታል፣ ማሰሮው ይደፋበታል። (ወይራ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አይደለምና ለዚህ ሥራ ቅርንጫፍ መቁረጥ አይገባም፤ እፍኝ ስንጣሪ ይበቃል።) ማሰሮው ጢሱን ሲጠግብ ጥላሸቱ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል፤ ገና ሳይበርድ ለብ ያለ የኑግ ዘይት ገብቶበት ግድግዳውን እንዲያዳርስ ይዟዟራል። በእንፋሎት በስሎ የቀዘቀዘውና እሾሁ የተለቀመው ዓሣ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ማጣፈጫውን ከአዚፋ እንዋሳለን፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ሰናፍጭ። ሰናፍጩ በቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ አለበት፤ የፈላ ውኃ ኃይሉን ይገድለዋል። ሲቆይም ስለሚደክም የሚጨመረው ሊቀርብ ሲል ነው።

ይህ የታጨሰ ዓሣ አይባልም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ክርክሩም ጠንካራ ነው። በሌላው ዓለም ዓሣ በጨው ታሽቶ ለሰዓታት የሚታጨሰው መጀመሪያውኑ እንዳይበላሽ ተብሎ ነበር፤ ጣዕሙ ኋላ ተወደደ። የታጠነ ማሰሮ ግን ዓሣውን ለአንድ ቀን እንኳ አያቆየውም። የዕለቱን ሰላጣ ለሚሠራ ሰው ይህ ጉድለት አይደለም፣ ግን ሁለት ግዴታ ያመጣል። አንደኛው ማብሰል ነው። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የዓሣው መሐል 63 ዲግሪ ቢደርስ ስለሚበቃ ከፍታው አያስቸግርም፣ ትንሽ መታገሥ ነው። ሁለተኛው ማቀዝቀዝ ነው። የደጋው ሌሊት ቢበርድም እንደ ፍሪጅ ከ5 ዲግሪ በታች ይወርዳል ብሎ መተማመን አይቻልም። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ ሰላጣው እንደበረደ ተበልቶ ያልቃል፣ ለነገ አይባልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ጢስ ለተበላሸ ዓሣ መሸፈኛ እንዳይሆን ነው፤ ዓሣው ላሊበላ የሚደርሰው ከሩቅ ነውና። ተከዜ የሚነሣው ከላስታ ተራሮች ቢሆንም ዓሣ የሚሰገርበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ የተኛው ታች፣ 188 ሜትር ከፍታ ካለው ግድብ ኋላ ነው። ጣናም የወሎው ሐይቅም ሩቅ ናቸው። መንገድ ላይ በረዶ ያልነካውን፣ ዓይኑ የጎደጎደና ስንጥቡ የጠቆረ ዓሣ ወይራ አያድነውም፤ ጠረኑን ብቻ ደብቆ ሰው ያሳምማል። እንዲህ ያለውን ገበያ ላይ ትቶ መሄድ ነው።

በጾም ወራት ዓሣ የሚበላም የማይበላም ምእመን አለ፤ ያንን ለየነፍስ አባቱ እተዋለሁ። ለማይበላው ያው ማሰሮና ያው ዘይት ለአዚፋው ይሆናሉ፤ የተቀቀለው ድፍን ምስር ግን ውኃው በደንብ ተንጠፍጥፎ መግባት አለበት፣ አለዚያ ዘይቱ ምስሩን አይዝም።