«አላለቅስም» ሲተረጎም

እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የኪም ሶዎል መድበል ስሙን ያገኘው ስለ አዛሊያ አበቦች ከተጻፈው የመለያየት ግጥም ነው። ከግጥሙ አራት አንጓዎች ሦስቱ «ኡሪዳ» በሚል የግስ ቅጥያ ይዘጋሉ። ቅጥያው ዛሬ በተራ ንግግር አይሰማም፤ ተናጋሪው ያሰበውን በአክብሮት ለአድማጩ ቃል የሚገባበት የድሮ አነጋገር ነው። ለግዴታ ኮሪያኛ «ያ ሃዳ» የሚል ሌላ መንገድ አለው፤ ሶዎል አልመረጠውም። ስለዚህ «ማልቀስ የለብኝም» የሚል ትርጉም ግጥሙን ያበላሸዋል። ተናጋሪውን ያስገደደው የለም፤ ሐዘኑም ያለው ሳይገደድ ቃል መግባቱ ላይ ነው።

«አላለቅስም» ይሻላል፤ ግን በአማርኛ «ማልቀስ ልማዴ አይደለም» ተብሎም ሊሰማ ይችላል። ኮሪያኛው ለዚህ ስሜት ቦታ አይተውም። «በፍጹም» ቢጨመርበት ብዥታው ይጠፋል፤ ነገር ግን ዝግ ያለው ድምፅ ወደ ጩኸት ይለወጣል። «እርስዎ ሲሄዱ አላለቅስም» ቢባልስ? ኮሪያኛውም መሄዱን የሚናገረው በአክብሮት ነው። ለፍቅረኛ «እርስዎ» ማለት ለዛሬ ጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ በድሮ ቤት ግን ሚስት ባሏን አንቱ ትል ነበር። አንቱታው ሲገባ ቃሉ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ይታወቃል።