ስምን የማይቀበል ቅጽ

በድረ ገጽ ላይ የሚሞላ ቅጽ በብዙ መሥሪያ ቤት የጸሐፊውን ጠረጴዛ ተክቷል። ትምህርት የሚያመለክትም ሆነ ሥራ የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያ የሚገናኘው ከቅጹ ሳጥኖች ጋር ነው። ጸሐፊው ነገሩ ባይገባው መልሶ ይጠይቅ ነበር፤ የቅጹ ስክሪፕት ግን ያልተነገረውን አያውቅምና «ስሕተት» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው እኛ ተማሪዎች ከውጭ አገር ምሳሌ እየቀዳን የምንጽፈውን ማጣሪያ ነው። አሳባችንም ባጭሩ ይህ ነው፤ ማጣሪያ ሞይውን ሊረዳ እንጂ ሊፈርድበት አይገባም፤ እውነቱን እንዳይጽፍ የተከለከለ ሰው ሐሰት ይሞላልና።

በሶማሌ ክልል፣ በፋፈን ዞን፣ በቱሊ ጉሌድ ወረዳ የምትኖር አንዲት ተማሪ በስልኳ የትምህርት ማመልከቻ ትሞላለች እንበል። ቅጹ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያቀርብላታል። በሶማሌም ሆነ በአማራ ልማድ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት፣ ከዚያም የአያት ስም ነው እንጂ ቤተሰብ በሙሉ የሚጠራበት አንድ ስም የለም። ተማሪዪቱ በአንዱ ቅጽ የአባቷን፣ በሌላው የአያቷን ስም ብትጽፍ በመዝገብ ላይ ሁለት ሰው ትሆናለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ «ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም» ብሎ በግልጽ መጠየቅ።

ሁለተኛው እንቅፋት ፊደሉ ነው። አባቷ ዓሊ ቢባል፣ ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1972 በተቀበለችው የላቲን አጻጻፍ ስሙ በ«ሲ» ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ ግን በ«ኤ» ነው። በአማርኛም ዓሊ፣ ዐሊ፣ አሊ ተብሎ ይጻፋል። ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» ያለውን ብቻ የሚፈቅድ ማጣሪያ የግዕዝን ፊደል በሙሉ ይጥላል። ይሁን እንጂ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ጃቫስክሪፕትም እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ ደንብ ወዲህ የማንኛውንም ቋንቋ ፊደል በአንድ ምልክት ለይቶ ያውቃል። እንግዲህ ማመካኛ የለንም። መዝገብ በሚፈለግበት ጊዜ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ ማመሳከር ይገባል፤ ሰው የጻፈውን ስም ግን ማረም አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው የልደት ቀን ነው፤ ስሕተቱ ድምፅ የለውምና። ተማሪዪቱ ጳጉሜን 5 ቀን 1996 ዓ.ም. ተወልዳለች እንበል። ይህ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2004 ነው። ጃቫስክሪፕት ወሮችን ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቆጥር ጸሐፊው ከወሩ ቁጥር አንድ ይቀንሳል፤ 13ኛውም 12 ይሆናል። የቀን መቁጠሪያው ክፍል ግን ይህን አልቀበልም አይልም፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አሻግሮ ጃኑዋሪ 5 ቀን 1997 ያደርገዋል። ልጅቱ ሳታውቀው ከሰባት ዓመት በላይ ታረጃለች፤ የዕድሜ ገደብ ባለበት ማመልከቻም ያለ ጥፋቷ ትወድቃለች። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመትን በየሳጥኑ ለይቶ፣ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚያም ስክሪፕቱ ጳጉሜን 6 ቀን የሚሆነው ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ መሆኑን ማወቅ፣ ልወጣውንም ለሞይዋ መልሶ ማሳየት አለበት።

ስልክም ስሙ ቁጥር ይባል እንጂ የሚደመር ቁጥር አይደለም። ስክሪፕቱ ወደ ቁጥር ከለወጠው የመጀመሪያው ዜሮ ይጠፋል። በ09 የሚጀምረውን ብቻ የሚቀበል አሮጌ ማጣሪያም፣ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩትን ያለ አግባብ ይመልሳል። ስልክን እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ በመካከል የገባውን ባዶ ቦታ ማውጣት የስክሪፕቱ እንጂ የሞይዋ ሥራ አይደለም።

ማጣሪያው ከላላ መዝገቡ ይበላሻል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በብራውዘር የሚሠራ ማጣሪያ በቀላሉ የሚታለፍ ስለሆነ መዝገብን አይጠብቅም፤ ጥበቃው ሁልጊዜ በሰርቨሩ ላይ መደገም አለበት። በሞይው ፊት ያለው ስክሪፕት ተግባሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም ስሕተቱን ከሳጥኑ አጠገብ በሞይው ቋንቋ መንገር፣ ኔትዎርክ ቢቋረጥም የተሞላውን አለማጥፋት ነው። ደግሞስ በግድ የተሞላ የሐሰት ስም መዝገብን ምን ያህል ያጠራዋል?

ስለሆነም ለባልደረቦቻችን የምናቀርበው አሳብ፣ ማንኛውም ቅጽ ከመውጣቱ በፊት በሦስት ነገሮች ይፈተን የሚል ነው፤ በግዕዝ በተጻፈ ስም፣ በጳጉሜን የልደት ቀንና በ07 በሚጀምር ስልክ። ከነዚህ አንዱን የሚመልስ ቅጽ ቢገኝ፣ መታረም ያለበት ቅጹ ነው እንጂ የቱሊ ጉሌድዋ ተማሪ አይደለችም።